ተረቱ የሚጠይቀው እጅ

ሲንደሬላ ስንት ጊዜ ተሠራች? ቆጥሮ የጨረሰ የለም። ስኖው ዋይትም፣ የተኛችው ቆንጆም፣ አላዲንም እንደዚያው ናቸው። አንድ የቆየ ተረት እንደገና በአኒሜሽን ሊሠራ ነው ሲባል ብዙ ተመልካች «አሁን ደግሞ ምን ሊጨምሩበት ነው?» ቢል አይፈረድበትም። ልጅቷ እንደምትድን፣ ጠንቋይዋ እንደምትሸነፍ ሁሉም አስቀድሞ ያውቃል። ታሪኩ ከታወቀ ዘንድ የሚቀረው ጥያቄ «በምን ይሠራል?» የሚለው ነው። በወረቀት? በእንጨት? በከሰል? በኮምፒውተር? የተረት ፊልም ድንቅ የሚሆነው ሠሪው የያዘው ቁስ ራሱ ተረቱን መናገር ሲጀምር ነው። እንዲህ ያለ እጅ ያገኘ ተረት የቱንም ያህል ቢታወቅ እንደ አዲስ ይታያል። ያላገኘው ግን ስንት ጊዜ ቢሠራም ገና ተራውን እየጠበቀ ነው።

ከቀደመው እንነሣ። ጀርመናዊቷ ሎተ ራይኒገር «የልዑል አሕመድ ጀብዱ»ን የሠራችው ከ1923 እስከ 1926 ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ቦታው በርሊን አጠገብ ያለችው ፖትስዳም ነበረች፤ ሉዊስ ሃገን የተባለ ባለባንክ ከመኪና ማቆሚያው በላይ፣ ጣሪያ ሥር ያለች ክፍል ሰጥቷት ነበር። ራይኒገር ያኔ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ነበረች። ዛሬ ድረስ ከተረፉት ባለ ሙሉ ርዝመት የአኒሜሽን ፊልሞች ቀዳሚው ይህ ሥራዋ ነው፤ የዲዝኒ «ስኖው ዋይት» የወጣው ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1937 ነው።

ዋና መሣሪያዋ መቀስ ነበር። ምስሎቹን ከጥቁር ካርቶንና ከስስ የእርሳስ ቆርቆሮ ትቆርጣለች። ራስ ለብቻ፣ አንገት ለብቻ፣ ክንድም መዳፍም ጭንም ለየብቻ ይቆረጡና በቀጭን ሽቦ ይጋጠማሉ። ምስሉ ከሥሩ መብራት በበራበት መስታወት ላይ ይጋደማል፣ ካሜራው ከላይ ቁልቁል ያየዋል። የምስሉን እጅ በጥቂቱ ገፋ ታደርግና አንድ ፎቶ፣ አንገቱን በጥቂቱ ዘንበል ታደርግና አንድ ፎቶ። ከአንድ ሰዓት በላይ የሚሄደው ፊልም እንዲህ እየተቆነጠረ ተሠራ።

ጥላ ዓይን የለውም፤ አይስቅም፣ አያለቅስም። ራይኒገር ፊት ላይ ያጣችውን ስሜት ወደ አንገት፣ ወደ ወገብና ወደ ጣት አዛወረችው። በፊልሙ ያለችው ፓሪ ባኑ ሐይቅ ውስጥ ስትታጠብ የላባ ልብሷ ይሰረቅባታል። ፊቷ ምንም አይልም፣ ሊልም አይችልም። ድንጋጤዋን የምናነበው ከሰውነቷ መታጠፍና ከጣቶቿ መከፈት ነው። በመቀስ ጫፍ የተፈለፈለው ጌጥ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ያ ደረቅ ካርቶን ስስ ጨርቅ ይመስላል። ክፉው ጠንቋይና አሮጊቷ አስማተኛ አንበሳ፣ እባብ፣ ጊንጥ፣ አውራ ዶሮ እየሆኑ ሲፋለሙ ደግሞ የቁሱ ጥቅም ይበልጥ ይታያል። ሁሉም አንድ ዓይነት ጥቁር ስለሆነ አንዱ አካል የት አልቆ ሌላው የት እንደጀመረ ዓይን አይደርስበትም።

ቁሱ ለተረቱ ለምን እንደ ተስማማ ማወቅ አያስቸግርም። የፊልሙ ምንጭ የሆኑት የአንድ ሺህ አንድ ሌሊት ተረቶች በጨለማ የሚነገሩ ናቸው፤ ግማሹን ተራኪዋ ትናገራለች፣ ግማሹን ሰሚው በሐሳቡ ይሞላዋል። ጥላም ግማሹን ብቻ ይሰጣል። ሥራው ግን ከእንከን የጸዳ አይደለም። ክፉው ሰው «አፍሪካዊው ጠንቋይ» ነው፤ የተቆረጠበት መልክም የዚያ ዘመን አውሮፓ አፍሪካን ያይበት የነበረውን ዓይን በግልጽ ያሳያል። መቀሱ ሲረቅ ዓይኑ አልረቀቀም። ይህ ጉድለት ተረቱን ዛሬ እንደገና ለሚያነሣ ሰው ከበቂ በላይ ምክንያት ነው።

ወደ ጃፓን እንለፍ። «የቀርከሃ ቆራጩ ተረት» ከሺህ ዓመት በላይ የቆየ፣ እስከ ዛሬ ከዘለቁት የጃፓን የዝርው ትረካዎች ጥንታዊው ነው። አንድ ሽማግሌ ከሚያበራ ቀርከሃ ውስጥ ጣት የምታህል ሕፃን ያገኛል። ሕፃኗ አድጋ መኳንንት ደጅ ይጠኗታል፤ እሷ ግን ማንንም ሳታገባ ወደ መጣችበት ወደ ጨረቃ ትመለሳለች። ኢሳኦ ታካሃታ ይህን ተረት በስቱዲዮ ጂብሊ ሠርቶ በ2013 «የልዕልት ካጉያ ተረት» በሚል አወጣው። ሥራው ስምንት ዓመት ገደማ ፈጀ፤ ወጪው ወደ 5 ቢሊዮን የን ደረሰ። ታካሃታ ያቀናው የመጨረሻ ፊልም ይኸው ሆኖ ቀረ፤ በ2018 አረፈ።

ያ ሁሉ ጊዜና ገንዘብ የት እንደገባ ማወቅ የሚፈልግ ሰው መስመሩን ይይ። በተለመደው አኒሜሽን የሰው ቅርጽ ወጥ በሆነ መስመር ዙሪያውን ይዘጋል፤ ቀለሙም በውስጡ ይሞላል። በካጉያ ፊልም መስመሩ እርሳስ ይዞ በችኮላ የሚነድፍ ሰው እጅ አለበት፤ ይወፍራል፣ ይሳሳል፣ አንዳንዴም መሐል ላይ ይቋረጣል። መስመር ሲቋረጥ ቀለም ማቆሚያ ያጣል፤ ስለዚህ ይህ ቀላል የሚመስል ንድፍ በእንቅስቃሴ ሲቀጥል ከተለመደው እጅግ የበዛ ልፋት ይጠይቃል። የገጸ ባሕርያቱን ንድፍና እንቅስቃሴ የመራው ኦሳሙ ታናቤ ነው። ዳራውን በውሃ ቀለም የሠራው ካዙኦ ኦጋ ደግሞ ቀለሙን ወደ ጠርዝ ሲያደርስ ያሳሳውና ነጩን ወረቀት ባዶውን ይተወዋል። ዛፉ ሙሉ አይደለም፣ ሜዳውም ሙሉ አይደለም። የቀረውን የሚሞላው ተመልካቹ ነው።

ሁለት ትዕይንቶችን ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል። በመጀመሪያው ልጅቷ ገና ሕፃን ናት። እንቁራሪቶች አይታ እነሱን ልትመስል ትሞክራለች፤ ትገለበጣለች፣ በሆዷ ትሳባለች፣ በመጨረሻም ትቆማለች። የመንደር ልጆች በአንድ በኩል ይጠሯታል፣ አሳዳጊዋ ሽማግሌ በሌላ በኩል «ልዕልት!» እያለ ይጣራል። ሕፃን ያሳደገ ሁሉ የሚያውቀው የሰውነት ክብደት እዚህ አለ፤ ራስ ከገላ ሲከብድ፣ ቂጥ ወደ ኋላ ሲጎትት፣ የመጀመሪያው እርምጃ ከመውደቅ ሲለይ። ይህን ሁሉ የተሸከመው ጥቂት የእርሳስ ጭረት ነው። ፊልሙ ስለ ሕይወት ጣዕም ሊነግረን ያሰበውን በዚህች ደቂቃ ጨርሶ ነግሮናል።

ሁለተኛው ትዕይንት በዋና ከተማዋ ነው። ለልጅቷ ስም በወጣበት ድግስ ላይ እሷ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጣለች። ሰካራም እንግዶች ልናያት ይገባል እያሉ ሲሳደቡ ትሰማለች። በእጇ የያዘችው የባሕር ቅርፊት ይሰበራል። ከዚያ ትሮጣለች። በሩን በርግዳ፣ የደረበችውን የሐር ልብስ አንድ በአንድ እየጣለች፣ በጨረቃ ብርሃን ከከተማው ትወጣለች። እስከዚህ ድረስ ለስላሳ የነበረው መስመር ይሻክራል፤ ከሰል በወረቀት ላይ እንደ ተጎተተ ይሆናል። ፊቷ ይበተናል፣ ዛፉ ጭረት ብቻ ይሆናል። ሠዓሊው የንዴትን ፊት አልሣለም፤ ንዴቱን ለራሱ ለመስመሩ ሰጠው። በኮምፒውተር የተወለወለ ምስል ይህን ማድረግ ይቸግረዋል፤ የሚበተን ጭረት የለውምና።

ከዚያ በኋላ ልጅቷ ትረጋጋለች። አልፈልግም ስትል የኖረችውን ቅንድቧን ታስነቅላለች፣ ዝም ብላ ትቀመጣለች። መስመሩም አብሯት ይረጋጋል። ይህ እርጋታ ግን ደስ አይልም፤ ተመልካቹ ያንን ሻካራ መስመር ይናፍቃል። በመጨረሻ የጨረቃ ሰዎች ሊወስዷት ሲመጡ ጆ ሂሳይሺ ያቀናበረው ሙዚቃ የለቅሶ ዜማ አይደለም፤ ቀለል ያለ፣ ደስ ደስ የሚል የሰልፍ ዜማ ነው። ሐዘን የሚባል ነገር ከማያውቁ ሰዎች ሌላ ምን ይጠበቃል? ተረቱን ባነበብን ጊዜ ያልታየን ጭካኔ በዜማው ይገለጥልናል።

ሦስተኛው ሥራ ትንሽ ነው፣ ግን ጉዳዩን ይቋጨዋል። ወንድማማቾቹ ግሪሞች በ1812 ካሳተሟቸው ተረቶች መካከል «እጅ አልባዋ ልጅ» አንዷ ናት። ወፍጮ ቤት ያለው አባት ለሀብት ሲል ሳያውቅ ልጁን ለሰይጣን ይሸጣል፤ እጆቿም ይቆረጣሉ። ለልጆች ለመንገር የሚያስፈራ ተረት ነው፤ ትልልቅ ስቱዲዮዎች እንዳልተሻሙበት መገመት አያዳግትም። ፈረንሳዊው ሴባስቲያን ሎደንባክ ከዚህ ተረት ተነሥቶ በ2016 ያወጣውን ፊልም ሥዕል ከሞላ ጎደል ብቻውን ሣለው። ቅርጾቹ በብሩሽ ጥቂት ጭረት የተጣሉ ናቸው፤ አንዳንዴ ትከሻ ብቻ፣ አንዳንዴ የቀሚስ ጫፍ ብቻ ይታያል፤ ከሥራቸው ያለው ቀለምም አልፏቸው ይሄዳል። ስለ ጎደለ አካል የሚናገር ተረት በጎደለ መስመር ተሠራ። ብቻውን የሚሠራ ሰው ሁሉን መሣል አይችልም፤ ሎደንባክ ይህን አቅም ማነስ ለተረቱ ትርጉም አደረገው። እጆቿ መልሰው ሲበቅሉም ተመልካቹ ሙሉ አካል ማየት ብርቅ ሆኖበታል።

እንግዲህ ቀጥሎ የትኛው ተረት ይሠራ? የእኔ ምርጫ ከሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን ሁለቱ ናቸው፤ የ1843ቱ «ናይቲንጌል» እና የ1844ቱ «የበረዶ ንግሥት»። ሁለቱም ሕይወት ያለውን ነገር እንከን ከሌለው ነገር ጋር ያፋጥጣሉ፤ የዛሬው አኒሜሽን ዋና ጥያቄም ይኸው ነው።

በ«ናይቲንጌል» የቻይናው ንጉሠ ነገሥት ዘማሪዋን ግራጫ ወፍ ትቶ አልማዝና ሩቢ በተለበጠች መካኒካዊ ወፍ ይማረካል። ያቺ አንዱን ዜማ 33 ጊዜ ሳትደክም ትዘምራለች። አንድ ቀን ውስጧ ያለው መሣሪያ ይሰበራል። ሞት በንጉሠ ነገሥቱ ደረት ላይ በተቀመጠበት ሌሊት የሚያድነው የእውነተኛዋ ወፍ ድምፅ ነው። ቼኩ ይርዢ ትርንካ በ1949 ይህን በእንጨት አሻንጉሊቶች ሠርቶታል። የአሻንጉሊቶቹ ፊት አይለወጥም፤ ሐዘኑም ደስታውም የሚመጣው ከመብራቱና ከካሜራው አቅጣጫ ነው። ግሩም ሥራ ነው። ሆኖም በዚያ ፊልም ሁለቱም ወፎች ከሰው እጅ የወጡ አሻንጉሊቶች ነበሩ። ዛሬ ግን የማይደክመውን ማሽን በኮምፒውተር፣ የምትደክመውን ወፍ በእርሳስ ሠርቶ በአንድ ስክሪን ጎን ለጎን ማሳየት ይቻላል።

«የበረዶ ንግሥት» ከዚህም ይበልጣል። ሰይጣን የሠራው መስታወት ተሰብሮ ስባሪው ካይ የተባለ ልጅን ዓይንና ልብ ይወጋል። የሕመሙ ምልክት በሰው ላይ ማላገጥ ብቻ አይደለም። የበረዶ ቅንጣት በማጉያ መነጽር አይቶ ከእውነተኛ አበባ ይበልጣል ይላል፤ ምክንያቱም አንድም እንከን የለበትም። ጓደኛው ጌርዳ ደግሞ ባዶ እግሯን የምትሄድበት ዓለም በእንከን የተሞላ ነው። የላፕላንዷ ሴት ወረቀት ብታጣ መልእክቷን በደረቀ ዓሣ ላይ ትጽፋለች፤ የፊንማርኳ ሴት መልእክቱን ሦስት ጊዜ አንብባ በቃሏ ከያዘችው በኋላ ዓሣውን ወደ ድስቱ ትጥለዋለች፤ የሚበላ ነገር አይባክንማ። የሶቪየቱ ሌቭ አታማኖቭ በ1957 ይህን ተረት በክብር ሠርቶታል። የዲዝኒው የ2013 «ፍሮዝን» መነሻው ይኸው ተረት ቢሆንም የካይን ታሪክም መስታወቱንም አላስገባም። ስለዚህ የተረቱ እምብርት፣ እንከን የለሹን የመውደድ በሽታ፣ በዘመኑ ቁስ የሚገባውን ያህል ሲሠራ አላየሁም።

ለእንዲህ ያለ ሥራ መነሻውም እዚያው አንደርሰን ዘንድ አለ። አንደርሰን ተረት እየተናገረ ወረቀት አጣጥፎ በመቀስ የሚቆርጥ፣ ሲጨርስም ዘርግቶ የሚያሳይ ሰው ነበር፤ ከቆረጣቸው ወረቀቶች ብዙዎቹ ዛሬም ተጠብቀው አሉ። የጌርዳን ዓለም ከዚያ ዓይነት ወረቀት፣ ጠርዙ ትንሽ ከተንሻፈፈ ወረቀት፣ የበረዶ ንግሥቷን ቤተ መንግሥት ደግሞ ስሕተት ከማያውቅ ኮምፒውተር የሚሠራ ስቱዲዮ ቢገኝ ተመልካቹ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አንባቢም የድርሻውን ይወጣ። ለልጆች ፊልም ሲመርጡ የተረቱን ስም ብቻ አይዩ፤ በምን እንደ ተሠራ፣ የማን እጅ እንዳረፈበት ይጠይቁ። ከተቻለ የካጉያን ሩጫ ድምፁን ዘግተው አንድ ጊዜ ይዩት። ጥሩ ሥራ በድምፅም ያለ ድምፅም ይናገራል። «የበረዶ ንግሥት» እንዲህ ያለ ሥራ ይገባታል፤ እስካሁንም አላገኘችም።