«ሰሊ»፦ መጠየቅ ስድብ ነው እንዴ?

ክሊንት ኢስትዉድ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣውን «ሰሊ» መጀመሪያ ሳየው እንባዬ መጣ። ሰሞኑን ደግሜ ሳየው ግን ተናደድኩ።

ታሪኩ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2009 ከኒውዮርኩ ላጓርዲያ የተነሳ ኤርባስ ኤ320 ከዝይ መንጋ ጋር ተጋጭቶ ሁለቱም ሞተሮቹ ኃይል አጡ። የበረራ ተቆጣጣሪው ወደ ላጓርዲያ እንዲመለስ፣ ካልሆነም ቴተርቦሮ እንዲያርፍ መንገድ ከፈተለት። ካፒቴን ቼስሊ ሰለንበርገር ሁለቱም እንደማይሆኑ ነግሮት ሃድሰን ወንዝ ላይ አሳረፈው። ከግጭቱ እስከ ውሃው 208 ሰከንድ ነበር። 155ቱም ሰዎች ተረፉ።

ቶም ሃንክስ ካፒቴኑን ሲጫወት ድምፁን ከፍ አያደርግም። ረዳቱ መመሪያውን ሲያገላብጥ እሱ መሪውን ይዞ ያስባል። ፊልሙ እዚህ ላይ ግሩም ነው። ችግሩ፣ 208 ሰከንድ አልበቃው ብሎ ባላንጣ ፈለገ፤ መርማሪዎቹንም ባላንጣ አደረጋቸው።

በፊልሙ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርዱ ሰዎች ሲሙሌተር ይዘው «መመለስ ትችል ነበር» በሚል መንፈስ ያፋጥጡታል። ለማሰብ የሚወስደው ጊዜ የት ሄደ ብሎ ካፒቴኑ ሲሞግታቸው ነው 35 ሰከንድ የሚጨመረው። ያኔ በሙከራው አውሮፕላኑ ይከሰከሳል፤ አዳራሹም ዝም ይላል። ድራማው ደስ ይላል። እውነቱ ግን 35 ሰከንዱን በሙከራ ያዩት ራሳቸው መርማሪዎቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ሪፖርትም ወንዙን መምረጡ ሰዎቹ የሚተርፉበትን ዕድል ከሁሉ በላይ ያሰፋ ውሳኔ እንደነበር መስክረዋል።

ታዲያ ምን አናደደኝ? የአሜሪካ የበረራ ደንብ 91.3 ሦስት ነገር አንድ ላይ ይላል። የመጨረሻው ሥልጣን የአብራሪው ነው። ድንገተኛ አደጋ ሲገጥመው አስፈላጊ በሆነው መጠን ደንብ መተላለፍ ይችላል። ከተጠየቀ ደግሞ ለምን እንደተላለፈ በጽሑፍ ያስረዳል። ሥልጣንና ተጠያቂነት ጎን ለጎን ተጽፈዋል። ፊልሙ ግን ሥልጣኑን አንስቶ ጥያቄውን እንደ ስድብ ቆጠረው። ያ ጥያቄ ባይኖር ኖሮ፣ ረዳቱ ያገላብጠው የነበረው መመሪያ ለከፍተኛ በረራ የተዘጋጀና 3,000 ጫማ ያህል ላይ ለተያዘ ሰው የሚረዝም መሆኑ ተመዝግቦ ማስተካከያ አይጠየቅበትም ነበር። ቀጣዩ አብራሪ ከዚህ ነው የሚጠቀመው።

እውነተኛ ባላንጣ የገጠመው የእኛው ካፒቴን ልዑል አባተ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ሦስት ጠላፊዎች የኢትዮጵያ አየር መንገድን ቦይንግ 767 ይዘው አውስትራሊያ ውሰደን አሉት። ነዳጁ አያደርስም ቢላቸው አልሰሙትም። ኮሞሮስ አጠገብ ነዳጁ አልቆ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። ከጠላፊ ጋር እየታገለ ባሕሩ ላይ አሳረፈው፤ ከ175 ሰዎች 50 ተረፉ።

ሥልጣን መቀማት ማለት ይሄ ነው፤ የማያውቅ ሰው የሚያውቀውን ሲሽረው፣ ያውም በአየር ላይ። መሬት ከወረዱ በኋላ ወረቀት ዘርግቶ «ለምን እንዲህ አደረግክ?» ያለ ሰው ከካፒቴኑ ምንም አልቀማም። ኢስትዉድ ይህን ቢለይ ኖሮ፣ ፊልሙን ለሦስተኛ ጊዜም አየው ነበር።