ዛፉን ብቻውን ያደረገው ማን ነው?

እንጀራዬ ሠርግ ነው። ላስ ቬጋስ ውስጥ የሐበሻ ሠርግ፣ መልስ፣ ክርስትናና ምርቃት ሳነሳ እውላለሁ። አንድ ፍሬም ውስጥ ሠላሳ አርባ ሰው ማስገባት፣ ዓይኑን የሚጨፍን እንዳይኖር መጠበቅ፣ የሙሽራዋ አክስት ከዳር እንዳይቆረጡ መጠንቀቅ የዘወትር ሥራዬ ነው። ለራሴ ብዬ ካሜራ ሳነሳ ታዲያ የምሄደው ሰው ወደሌለበት ነው። በአውራ ጎዳና 95 ወደ ሰሜን ይዤ፣ ቢቲ የምትባለውን ትንሽ ከተማ አልፌ፣ ከቤቴ ሦስት ሰዓት ያህል ነድቼ ጎልድፊልድ አካባቢ እቆማለሁ። እዚያ የማነሳውም ባብዛኛው አንድ ነገር ነው፦ ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ የጆሹዋ ዛፍ።

ጎልድፊልድን ኦና ከተማ ብሎ መጥራት ትንሽ ይከብዳል። በ1907 የተሠራው የካውንቲው ፍርድ ቤት ዛሬም ሥራ ላይ ነው፤ ጥቂት ሰውም ይኖርባታል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ነገር ግን በ1902 ወርቅ ተገኘ ሲባል በጥቂት ዓመታት ውስጥ 20,000 ያህል ሰው የጎረፈባት፣ በዘመኗ ከኔቫዳ ከተሞች ሁሉ ትልቋ የነበረች ናት። ከጥቁር አሜሪካውያን የመጀመሪያው የዓለም የቦክስ ሻምፒዮን ጆ ጋንስ በ1906 ከባትሊንግ ኔልሰን ጋር 42 ዙር ድረስ የተፋለመውና ያሸነፈው እዚሁ ነው። ወርቁ ሲመነምን ሰዉም ተበተነ። በ1913 ጎርፍ መጣ፤ በ1923 የተነሳው እሳት ደግሞ የመሃል ከተማውን አብዛኛውን ክፍል በላው። በ2020 ቆጠራ መሠረት ጎልድፊልድ መቀመጫው የሆነችው የኤስመራልዳ ካውንቲ ሕዝብ በሙሉ 729 ነው። እኔ ለአንድ ሠርግ ከዚያ የማይተናነስ ሰው አንስቼ አውቃለሁ።

ካሜራ ይዞ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው በ1908 ወደተከፈተው፣ ዛሬ ተዘግቶ ወደቆመው ባለአራት ፎቅ ሆቴል ነው። አልፈርድበትም። የተዘጋ ሆቴልና የፈረሰ ግድግዳ ታሪካቸውን ራሳቸው ይናገራሉ፤ ለአንሺው የሚቀረው ብርሃኑን መጠበቅና መጫን ነው። ዛፍ ግን ምንም አይልም። ሥራውን በሙሉ ለአንሺው ይተውለታል፤ እኔን የሚስበኝም ይኸው ነው።

ዛፉንና ፍርስራሹን አንድ ላይ ማንሳትስ? ብዙ ሰው ይሞክረዋል፤ እኔ ግን አልስማማበትም። በዚህ ሜዳ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ጎባጣ፣ ሰባራና ዝርክርክ ነው። በዚያ መሃል አንድ ቀጥ ያለ የግድግዳ ጠርዝ ከታየ ዓይን ሌላውን ሁሉ ትቶ እሱ ላይ ያርፋል፤ ቀጥ ያለ መስመር ባለበት ሰው እንደነበረ ዓይን ያውቃልና። ግድግዳዋ ከሩቅ ጥፍር የምታህል ብትሆን እንኳ ዛፉ ወዲያው ሚዜ ሆኖ ይቀራል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ነው።

ይህን ስል ከተማዋን ከፎቶው ጨርሶ ላጥፋት ማለቴ አይደለም። ከላስ ቬጋስ እዚህ ይመጣ የነበረው ባቡር በ1918 ሥራውን ሲያቆም ሐዲዱ ተነቀለ፤ የምንነዳበት አውራ ጎዳናም በከፊል የተዘረጋው በዚያው የሐዲድ መደልደያ ላይ ነው። ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ መሬት መሬቱን እያየ ለሚሄድ ሰው የከተማዋ ዕቃ አሁንም ተበትኖ ይገኛል፦ የዛገ የቆርቆሮ ጣሳ፣ ሚስማር፣ የጠርሙስ ስባሪ። ከስባሪው አንዳንዱ ሐምራዊ ነው። ሲሠራ ሐምራዊ አልነበረም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ነጭ ጠርሙስ ሲሠራ ማንጋኒዝ ይጨመርበት ስለነበር ለዓመታት ፀሐይ ሲመታው ቀለሙ ወደዚያ ይለወጣል። እንዲህ ያለች ስባሪ በፍሬሙ ግርጌ፣ ጥግ ላይ፣ አውራ ጣት በማታህል ስፍራ ብትገባልኝ ከሆቴሉ አራት ፎቅ ይበልጥብኛል። ዛፉን ያየ ሰው ዘግይቶ ያገኛታል፤ አንዳንዱም አያገኛትም፣ አይጎዳውም። ካለችበት ግን አላነሳትም፣ በእግሬም አላስጠጋትም። የምዞረው እኔ ነኝ።

ወደ ዛፉ ልመለስ። የጆሹዋ ዛፍ ከዩካ ወገን ነው። ግንዱ ቢቆረጥ የዕድሜ ቀለበት አይገኝበትም፤ ስለዚህ ዕድሜው የሚገመተው ከቁመቱ ነው። በዓመት የሚጨምረው ጥቂት ሴንቲሜትር በመሆኑ አምስት ሜትር ያህል የደረሰው ጋንስና ኔልሰን ሲፋለሙ እዚያው ነበረ ብሎ መገመት ይቻላል፤ መማል ግን አይቻልም። ለጋው ዛፍ አንድ ወጥ ሆኖ ያድጋል። የሚከፈለው ጫፉ ካበበ ወይም ነፍሳት ጫፉን ከቦረቦሩት በኋላ ነው። እናም ሰው የተዘረጋ ክንድ የሚያያቸው ባላዎች እያንዳንዳቸው ያለፈ አበባ ወይም ያለፈ ጉዳት ናቸው። ይህ ለፎቶ አንሺ ትርፍ ዕውቀት አይደለም። ባላዎቹ እርስ በርሳቸው ሲደራረቡ ከሰማዩ ጋር የሚታዩት እንደ አንድ ጥቁር እብጠት ነው፣ የዛፉ ታሪክም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ካሜራውን ከማውጣቴ በፊት ባዶ እጄን ዛፉን እዞረዋለሁ፤ እያንዳንዱ ባላ ለብቻው ሰማይ የሚያገኝበት አንድ ጎን አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም። ከታች ደግሞ የደረቁት ቅጠሎች ሳይረግፉ ወደ ታች ታጥፈው ግንዱን ያለብሱታል። ከጎን የሚመታው የጠዋት ብርሃን እያንዳንዱን ደረቅ ቅጠል ነጥሎ ያሳያል፤ ቀትር ላይ ግን ያ ሁሉ ዝርዝር ግራጫ ጉድፍ ይሆናል።

ስለዚህ ዛፍ ካነበብኳቸው ነገሮች ሁሉ አእምሮዬ ውስጥ የቀረው የእሳት ራቷ ነገር ነው። የጆሹዋ ዛፍ ዘር የሚይዘው በአንዲት ትንሽ የእሳት ራት አማካይነት ነው። የአበባውን ዱቄት ከአበባ ወደ አበባ ተሸክማ የምትወስደው እሷ ናት፤ እንቁላሏንም እዚያው አበባው ውስጥ ትጥላለች፣ እጮቿም ከዘሩ ጥቂቱን በልተው ያድጋሉ። ራቷ የማትደርስበት፣ ከዘመዶቹ በጣም የራቀ ዛፍ እንግዲህ ዘር አያፈራም ማለት ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ «ብቻውን የቆመ ዛፍ» የሚባለውን ነገር በጥርጣሬ ነው የማየው።

የእኔም ዛፍ ብቻውን አይደለም። ካሜራዬን ወደ ኋላ ባዞረው ቢጤዎቹ እዚህም እዚያም ተበትነው ይታያሉ። በስተቀኝ የመብራት ምሰሶ አለ፤ በስተግራ የጭነት መኪናዎች በ95 ላይ ይከንፋሉ። ብቻውን ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ ያደረግሁትም በእግሬ ነው። ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ስሄድ ከኋላው ያለው ሌላ ዛፍ በግንዱ ይሸፈናል። ስንበረከክ ቅርብ ያለው ቁጥቋጦ ከፍ ብሎ ሩቁን መንገድ ይጋርዳል፣ የዛፉ አናትም ከተራራው ጫፍ በላይ ወጥቶ ሰማይ ውስጥ ይገባል። ከዚያ የሌንስ ጉዳይ ይመጣል። በ24 ሚሊሜትር ሌንስ ተጠግቶ ያነሳ ሰው ትልቅ ዛፍና ከኋላው ያነሱ ተራሮች ያገኛል፤ የሚሰማው ባዶነት የሰማይ ባዶነት ነው። በ135 ሚሊሜትር ከሩቅ ያነሳ ደግሞ ተራሮቹ ቀርበው ዛፉን ሲጫኑት ያያል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ሰፊው ሌንስ ዛፉን ጀግና ያደርገዋል፤ ጀግንነቱ ደግሞ አያሳምነኝም።

«ታዲያ ምሰሶውን በኮምፒውተር ማጥፋት ምን ችግር አለው? በእግርም አስወጣኸው፣ በአይጥም አስወጣኸው ያው ነው» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ያው አይደለም። እኔ የቆምኩበት ቦታ ላይ ሄዶ የሚቆም ሰው እኔ ያየሁትን ያያል፤ ምሰሶው የተፋቀበትን ሥዕል ግን የትም ቢቆም አያገኘውም። እንደ ዎርልድ ፕሬስ ፎቶ ያሉ ውድድሮች በፎቶ ላይ ነገር መጨመርንም መቀነስንም የሚከለክሉት ለዜና ፎቶ ክብር ብለው ነው፤ የእኔ ዛፍ ዜና ባይሆንም ሕጉን ወድጄዋለሁ። የሠርግ ደንበኞቼ የመውጫ በር ምልክት እንዳጠፋላቸው ሲጠይቁኝ ግን አጠፋለሁ። እሱ ሌላ ውል ነው።

አገር ቤት ለዘመድ ጥየቃ ስሄድ ይኸው ዓይን ያስቸግረኛል። ከጎጃምና ከደቡብ ጎንደር የእርሻ ማሳ መሃል ብቻውን የቆመ ዋርካ ከሩቅ ሲታይ ለፎቶ የተዘጋጀ ይመስላል። ሲጠጉት ግን ከሥሩ ሰው አይጠፋም፦ ከገበያ የሚመለሱ እናቶች ጥላ ይዘዋል፣ እረኛ ጋደም ብሏል፣ ሽማግሌዎች የተጣላ ያስታርቃሉ። ሰዉ እስኪነሳ ጠብቆ ዋርካውን ባዶውን ማንሳት ይቻላል፤ ሲያነሱትም አይቻለሁ። ለእኔ ግን ያ ፎቶ ዛፉን ሥራ ፈት አድርጎታል። ደግሞም ባዶነቱ አንድ ዓይነት አይደለም። እዚያ ዛፉን ብቻውን ያስቀረው መጥረቢያና ማረሻ ነው፤ ደኑ ምን ይመስል እንደነበር ማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር መሄድ አለበት፣ ተርፎ የቆየው እዚያ ነውና። ጎልድፊልድ ላይ ዛፎቹን ያራራቃቸው ከሁሉ በላይ የዝናብ ማነስ ነው። መጥረቢያ ግን በረሃውንም አልማረም፤ በሞሃቬ በረሃ የነበሩ ማዕድን አውጪዎች የድንጋይ መፍጫቸውን የእንፋሎት ሞተር በጆሹዋ ዛፍ ግንድ ያነዱ ነበር።

ስለ መጠንም አንድ ነገር ልበል። በረሃ ውስጥ መለኪያ የሚሆን ነገር ከሌለ ሜዳው አንድ ኪሎ ሜትር ይሁን ሃያ አይታወቅም። ዳሎል ላይ፣ ከጨው ድንጋይ በተሠሩት የፈረሱ የማዕድን ሠራተኛ ቤቶች አካባቢ፣ ትልቁ ችግር ይህ ነው፤ ዛፍ የለም፣ ስለዚህ አንሺው ሰው ወይም ግመል ይጠብቃል። ጎልድፊልድ ላይ መለኪያው ዛፉ ነው። ታዲያ ምን ያህል ይነስ? 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ወረቀት ላይ ሲታተም የጣት ቁመት ብቻ ያለው ዛፍ ግድግዳውን በሙሉ ይይዛል። ያው ፎቶ በስልክ ሲታይ ዛፉ የአቧራ ቅንጣት ነው፤ ሰውም በአውራ ጣቱ ገፍቶት ያልፋል። ዛሬ የምናያቸው የብቸኛ ዛፍ ፎቶዎች ሁሉ ዛፉን መሃል ላይ አግዝፈው የሚያስቀምጡት ለዚህ ይመስለኛል፤ ስልኩ እያዘዘን ነው። እኔ ትንሽ አድርጌ አነሳለሁ፣ አሳትማለሁ። የሚገዛኝም ጥቂት ነው።

ዛፍ በፎቶ ዝነኛ ሲሆን ምን እንደሚገጥመው የታወቀ ነው። በዮሰሚቲ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሴንቲነል ዶም ላይ የነበረውን ጥድ ፎቶ አንሺው አንሰል አዳምስ በ1940 አንስቶታል፤ በ1970ዎቹ ድርቅ ጠውልጎ ሞተ፣ በ2003 ወደቀ። እሱስ የተፈጥሮ ሞቱን ሞቷል። የኒጀር በረሃውን የቴኔሬ ግራር፣ በዙሪያው በብዙ ኪሎ ሜትር ሌላ ዛፍ ሳይኖር፣ በ1973 መኪና ገጭቶ ጣለው። ጃፓን ውስጥ ቢዬ በምትባለው ከተማ የነበረውን «የፈላስፋው ዛፍ» ባለ እርሻው በ2016 አስቆረጠው፤ ፎቶ ሊያነሱ የሚመጡ ሰዎች ማሳውን መርገጣቸው አስመርሮት ነበር። እንግሊዝ አገር በሃድሪያን ግንብ አጠገብ የነበረው የሲካሞር ጋፕ ዛፍ በ2023 በመጋዝ በሌሊት ተቆረጠ፤ ሁለት ሰዎችም ታሰሩበት። በ2018 መጨረሻ የአሜሪካ መንግሥት ሥራ ባቆመበት ጊዜ ደግሞ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የጆሹዋ ዛፍ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ጠባቂ በጠፋበት ዛፎች ተቆርጠው ተገኝተዋል።

ከእነዚህ መካከል የቢዬው ነው የሚከነክነኝ። የገደለው ጥላቻ አይደለም፤ ሁሉም የመጣው ወድዶት ነው፣ ሁሉም የፈለገው አንዱ ያነሳውን ያንኑ ፎቶ ነው። የጆሹዋ ዛፍ ሥሩ ከመሬቱ ገጽ ብዙ ስለማይርቅ ከሥሩ የሚመላለስ እግር ይጎዳዋል፤ ቅርንጫፉም ሲንጠለጠሉበት የሚገነጠል ነው። ስለዚህ ፎቶዎቼን ለሰው ከመስጠቴ በፊት ካሜራው የመዘገበውን የቦታ መረጃ አጠፋለሁ፣ ከጀርባ ያለውንም ተራራ በስሙ አልጠራም። የሙያ ባልደረቦቼንም የምለምናችሁ ይህንኑ ነው፦ ዛፍ ስታነሱ መገኛውን አትለጥፉ፣ ከሥሩ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፣ የሚታየውን ዕቃ ባለበት ተዉት። ጎልድፊልድን ማየት የምትፈልጉ ሂዱ፤ ነዳጃችሁን ቢቲ ላይ ሙሉ፣ ውኃ ያዙ፣ ሆቴሉንም አንሱት። ዛፉ የት እንዳለ ግን አትጠይቁኝ፣ አልነግራችሁም።