ንጉሡ ይቆረጥበታል

በየባንኩ ግድግዳ ላይ ከሚለጠፉት ጥቅሶች ሁሉ የታወቀው «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚለው ነው። መልካም ጥቅስ ነው። ንጉሡ ግን ወረፋ ይዞ ይቆማል። ተራው ሲደርስ «ሲስተም የለም» ይባላል። በነጋታው ተመልሶ ይመጣል። ማታ ቤቱ ገብቶ አረፍ ሲል ደግሞ ስልኩ ትጮኻለች፤ ከሒሳቡ ይህን ያህል ብር ተቆርጧል። ጉድ እኮ ነው! ሲስተሙ እኛ ገንዘባችንን ልናወጣ ስንሄድ ይተኛል፤ ለመቁረጥ ሲሆን ግን እንቅልፍ የሚባል ነገር አያውቅም።

እስቲ ይህን «ተቆርጧል» የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን «ግሡን ጠይቁት፤ አድራጊው ማን ነው?» እል ነበር። «ተቆርጧል» አድራጊ የለውም። ማን ቆረጠው? ለምን ቆረጠው? ከመቁረጡ በፊት ማንን አማከረ? መልእክቱ አይናገርም። ብዙውን ጊዜ ደግሞ የሚመጣው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ጡረታቸውን በባንክ የሚቀበሉ እናት የልጅ ልጃቸውን «እስቲ አንብብልኝ» ማለት አለባቸው። ልጁም አንብቦ «ተቆርጦብሻል» ይላቸዋል። በቃ። ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል።

ለካርድ ይከፈላል። በሌላ ባንክ ማሽን ገንዘብ ሲወጣ ይከፈላል። ከአንዱ ባንክ ወደ ሌላው ሲላክ ይከፈላል። ለሒሳብ መግለጫም፣ ለሲፒኦም ይከፈላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1341 ከመጣ ወዲህ ደግሞ በአገልግሎት ክፍያው ላይ 15 በመቶ ይታከልበታል። ይኼኛው ለመንግሥት የሚገባ ነውና በባንኩ ማሳበብ አይገባም። ለከፋዩ ግን ሁለቱም ከአንድ ኪስ የሚወጡ ናቸው።

ባንክ በነፃ ይሥራ የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም። ሠራተኛ አለው፣ የቤት ኪራይ አለው፣ ማሽኑም በነፃ አልመጣም። ታዲያ ሰዉን የሚያንገበግበው ምንድን ነው? አንድ ቡና የማይገዛ ሳንቲም ተቆረጠብኝ ብሎ ቀኑን ሙሉ የሚብሰከሰክ ሰው ስታዩ፣ ነገሩ የሳንቲም እንዳልሆነ ይገባችኋል። ሳይጠየቅ መወሰዱ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሰው፣ ባላገሮቹ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የተነሡት ለምን እንደነበር አይረሳም። ባላገር መገበር አዲስ ነገር ሆኖበት አይደለም። ልማድ ነው እየተባለ የሚጠየቀው ነገር «በምን ሕግ?» የሚል ጥያቄ ስላስነሣ ነው። «በምን ሕግ?» ብሎ መጠየቅ ሽፍትነት አልነበረም። ዛሬም አይደለም።

ቁጠባውን ደግሞ እንየው። በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ተደረገ። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። እንግዲህ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በዚያ ዘመን 10,000 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 10,700 ብር አገኘ። መጀመሪያ በ10,000 ብር ይገዛው የነበረው ዕቃ ግን 13,000 ብር ገብቶ ጠበቀው። ቆጣቢው 2,300 ብር ከሰረ ማለት ነው። በዚህ ላይ ነው እንግዲህ የአገልግሎት ክፍያው የሚመጣው። ንረቱን ባንኩ አላመጣውም፤ ይህም እውነት ነው። ገንዘቡን ተበድሮ ሕንጻ የሠራው ሰው ግን በንረቱ አልተጎዳም፤ የተጎዳው ያበደረው ነው። ያበደረው ማን ነው? እኛው ነን፣ ባለ ደብተሮቹ።

ባንኮች በ1967 ዓ.ም. ከተወረሱ በኋላ የግል ባንክ እንዲቋቋም የተፈቀደው በ1986 ዓ.ም. ነበር። አንድ ብቻ ከሚሆን ብዙ ሲሆን ፉክክሩ ይጠቅመናል ብለን ነበር። ዛሬ ቁጥራቸው ከ30 በላይ ሆኗል። ፉክክሩም አልቀረም፤ በሕንጻ ቁመትና በሽልማት ዕጣ ይፎካከራሉ። «የእኔ ክፍያ ከጎረቤቴ ያንሳል» የሚል ማስታወቂያ ግን በቴሌቪዥን ስንቴ አይታችኋል?

ይህ ቅሬታ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ባንክ ኦፍ አሜሪካ በካርዱ ዕቃ የሚገዛ ደንበኛ በወር 5 ዶላር ይክፈል ብሎ ተነሣ። ሕዝቡ አጉረመረመና ዝም አላለም። ኖቬምበር 5 ቀን ገንዘባችንን ከትልልቅ ባንኮች አውጥተን ወደ ቁጠባና ብድር ማኅበራት እንወስዳለን ተባባለ። ባንኩ ቀኑ ሳይደርስ፣ ኖቬምበር 1 ላይ፣ ሐሳቡን ሰረዘ። መሄጃ ያለው ሰው ቅሬታ ይሰማል። መሄጃ የሌለው ሰው ቅሬታ ግን ከወሬ አያልፍም።

እኛስ መሄጃ አለን ወይ? አለን እንጂ። ዕቁብና ዕድር የማን ሆኑና! ዳኛ መርጦ፣ ጸሐፊ ሹሞ፣ ዋስ ጠርቶ ገንዘብ ማዘዋወርን ከፈረንጅ አልተማርንም። ዘመናዊው የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበርም ቢሆን አዲስ አይደለም፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች የራሳቸውን ያቋቋሙት ገና በ1950ዎቹ ነው። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየቀበሌው አለ። አሠራሩም ቀላል ነው። አባሉ መመዝገቢያ ይከፍላል፣ ዕጣ ይገዛል፣ በየወሩ ይቆጥባል፤ ከቆየ በኋላ የቁጠባውን እጥፍ ድርብ ይበደራል። ትርፍ ካለ ለአባላት ይከፋፈላል። አንድ ዕጣ ያለውም፣ ሃምሳ ዕጣ ያለውም ድምፁ አንድ ነው። ለልጇ ትምህርት ቤት መመዝገቢያ የጨነቃት የመንግሥት ሠራተኛ ባንክ ብትሄድ ቤት ወይም መኪና አስይዢ ትባላለች፤ እዚህ ግን ቁጠባዋና የባልደረባዋ ዋስትና ይበቃታል። ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ሰው ከባንክ ተማሮ ወደ ማኅበር ቢሄድ አይፈረድበትም። የምፈርደው ከሄደ በኋላ በሚያደርገው ነገር ላይ ነው።

በባንኩ ደንበኛ ነበርን። በማኅበሩ ባለቤት ነን። ባለቤትነት ግን ሥራ አለው፤ እኛ ደግሞ ሥራውን ትተን ብድሩን ብቻ እንወዳለን። ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ ምን እንላለን? «ኧረ እኔ አይመቸኝም፤ እናንተው ጨርሱት።» ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም ተብሎ ስብሰባው ይተላለፋል። በሁለተኛው ቀን የመጡት ጥቂቶች ሻይ እየጠጡ የዓመቱን ሒሳብ በጭብጨባ ያጸድቃሉ። ቁጥጥር ኮሚቴ የሚባለው፣ ሊቆጣጠረው የሚገባውን ሥራ አመራር ላለማስቀየም አንገቱን ይደፋል። «ሰውዬው ጨዋ ነው፤ እንዴት ብለን ደረሰኝ አምጣ እንለዋለን?» ይባላል። ሰውዬው በእርግጥም ጨዋ ይሆናል። ዳሩ ግን ደረሰኝ የሚጠየቀው ሌባን ብቻ ነው ያለ ማን ነው? ጨዋ ሰው ጨዋ እንደሆነ እንዲኖር የሚጠብቀው ደረሰኙ ነው።

አንድ ቁም ነገር ልጨምር። የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ በ2013 ዓ.ም. በደንብ ተቋቁሟል፤ ባንክ ወይም ማይክሮፋይናንስ ቢወድቅ ለአስቀማጩ እስከ 100,000 ብር የሚከፍል ነው። የቁጠባና ብድር ማኅበር ግን በዚህ ጥላ ሥር አይደለም። የማኅበሩ መድን የአባላቱ ዓይን ነው። ዓይኑን የጨፈነ አባል መድኑን በገዛ እጁ ቀደደ ማለት ነው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት ለእንዲህ ያለው ባለ ዕጣ የተተረተ ይመስለኛል።

ይህን የምለው ማኅበር እንድንጠላ አይደለም። ይልቁንም ከባንኩ የተማርነውን የደንበኛ ጠባይ ይዘንበት እንዳንገባ ነው። ባንክ ቤት ዝም ያለ ሰው ማኅበሩም ውስጥ ዝም ካለ፣ የሚለወጠው የደብተሩ ቀለም ብቻ ነው። ዛሬ ለጥቂት ብር ቆረጡብኝ ብሎ የተማረረው፣ ነገ ኮሚቴው ለአበል ይህን ያህል አወጣሁ ሲለው የሚያጨበጭብ ከሆነ ምኑን ሸሸው?

ባንክም የሄደ፣ ማኅበርም የገባ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። ይህ ክፍያ ከየት መጣ? የት ተጽፏል? ማን ወሰነው? ባንኩ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ታሪፉን አልወሰነችምና በእሷ ላይ መጮህ ነውር ነው። ክፍያው ተዘርዝሮ፣ በአማርኛም በሌላውም ቋንቋችን ተጽፎ፣ ከ«ደንበኛ ንጉሥ ነው» አጠገብ ይለጠፍ ብሎ ለሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ ማመልከት ግን መብት ነው። ባንኩም ንግሥናችንን ትቶ ሒሳባችንን ቢያስረዳን ይሻለናል።

የማኅበሩ አባል ደግሞ ለማንም ማመልከት አያስፈልገውም። በስብሰባው ቀን ወንበሩ ላይ መገኘት ብቻ ይበቃዋል። አብዛኛውን ጊዜ ያ ወንበር ባዶ ነው።