ወረንጦው የሠራው ማግኔት

ስለ ስፒንትሮኒክስ ስታነቡ አንዲት ሐረግ ደጋግማ ትገጥማችኋለች፦ «በክፍል ሙቀት ማግኔት የሆነ ሴሚኮንዳክተር»። ዛሬ የምተቸው ይህችን ሐረግ ነው። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ማግኔት የሆነው በእርግጥ ዕቃው ራሱ ነው ወይ?

መጀመሪያ ጉጉቱ ከየት እንደመጣ እንይ። ኤሌክትሮን ከቻርጁ ሌላ ስፒን የሚባል ባሕርይ አለው። (እንደ እንዝርት ሲሽከረከር የሚያሳዩትን ሥዕሎች እርሷቸው፤ እዚያ ውስጥ የሚዞር ነገር የለም።) እያንዳንዱን ኤሌክትሮን እንደ አንድ ደቃቅ ማግኔት ቁጠሩት፤ ሲለካ ወይ ወደ ላይ ነው ወይ ወደ ታች። ስፒንትሮኒክስ በዚህ አቅጣጫ ጭምር መረጃ መያዝና ማንቀሳቀስ ማለት ነው። ኮምፒውተር የሚያሰላው በሲሊከን ነው፤ ሃርድ ዲስክ የሚያስታውሰው ደግሞ በማግኔት። ሁለቱንም የሚሠራ አንድ ዕቃ ቢገኝስ? እውነትም ያጓጓል።

በ1998 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጃፓናዊው ሂዴዎ ኦኖና ባልደረቦቹ ጋሊየም አርሰናይድ ውስጥ ማንጋኒዝ ጨምረው እስከ 110 ኬልቪን ድረስ ማግኔት ሆኖ የሚቆይ ሴሚኮንዳክተር አሳዩ። ያ ማለት ከዜሮ በታች 163 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ስልካችሁ ውስጥ አይገባም። በ2000 ደግሞ ቶማስ ዲትልና ባልደረቦቹ አንድ ስሌት አወጡ፤ ጋሊየም ናይትራይድና ዚንክ ኦክሳይድ 5 በመቶ ማንጋኒዝ ቢገባባቸው ከክፍል ሙቀት በላይም ማግኔት ሆነው ሊቆዩ ይችላሉ የሚል። ጎርፉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኮባልት በታይታኒየም ኦክሳይድ፣ ኮባልት በዚንክ ኦክሳይድ፣ ማንጋኒዝ በዚንክ ኦክሳይድ፤ ሁሉም «በክፍል ሙቀት»።

ስሌቱ ግን ቅድመ ሁኔታ ነበረው። ዕቃው በ«ሆል» የተሞላ መሆን አለበት፤ ሆል ማለት ኤሌክትሮን የጎደለበት፣ እንደ አዎንታዊ ቻርጅ የሚንቀሳቀስ ባዶ ቦታ ነው። ዚንክ ኦክሳይድ በተፈጥሮው በተቃራኒው ኤሌክትሮን የሚበዛበት ዕቃ ነው፤ ሆል በብዛት ማስገባት እጅግ ያስቸግራል። ስለዚህ ብዙዎቹ ሙከራዎች ስሌቱን እየጠቀሱ ስሌቱ ያልተናገረለትን ዕቃ ነበር የሚለኩት። አንደኛው ቅሬታዬ ይሄ ነው።

ሁለተኛው ይብሳል። ኢንጂነር ነኝና ሂሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ የዚንክ ኦክሳይድ ስስ ፊልም ውሰዱ፤ ጎኑ 5 ሚሊሜትር የሆነ ካሬ፣ ውፍረቱ 100 ናኖሜትር። ከዚንኮቹ 5 በመቶው በኮባልት ይተኩ፤ እያንዳንዱ ኮባልትም አንድ ቦር ማግኔቶን (የአንድ ኤሌክትሮን ስፒን ያህል) ያዋጣ እንበል። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ቢሰለፉ እንኳ የፊልሙ ጠቅላላ ማግኔትነት ከ0.2 ማይክሮግራም ብረት ጋር እኩል ነው። ይህን የሚያህል የብረት ቅንጣት ጎኑ 0.03 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ከፀጉር ውፍረት ያንሳል። በዓይናችሁ የማታዩት ብናኝ ፊልሙን ሙሉ በሙሉ መስሎ መለኪያው ላይ ይቆማል ማለት ነው! ፊልሙ የተነጠፈበት መደብ ደግሞ የራሱ ማግኔታዊ ምልክት አለው፤ ብዙ ጊዜም ከፊልሙ ይበልጣል። እሱን ቀንሰን የተረፈውን ነው «ግኝት» የምንለው።

ይህ ስጋት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2004 ደብሊን ከሚገኘው ትሪኒቲ ኮሌጅ የተነሱ ተመራማሪዎች ሃፍኒየም ኦክሳይድ፣ ምንም ማግኔታዊ አተም የሌለው ዕቃ፣ ማግኔት ሆኖ አገኘነው ብለው አሳተሙ። በዓመቱ የአይቢኤም ተመራማሪዎች ንጹህ የሃፍኒየም ኦክሳይድ ፊልሞችን ለኩ፤ ማግኔት የለም። ከዚያ ፊልሞቹን በማይዝግ ብረት ወረንጦ ነኩና እንደገና ለኩ፤ ማግኔቱ መጣ። ቁርጥራጯን ለማንሳት የሚያገለግለው ተራ ወረንጦ! የደብሊኖቹ ምልክት ከዚያው መጣ ለማለት ይህ ብቻ አይበቃም፤ ግን ማግኔቶሜትር ብቻውን ምስክር እንደማይሆን በደንብ ያሳያል።

አሁን ከዚህ ጎን ሌላ ታሪክ አስቀምጡ። በ2001 የቲዎሪ ሰዎች በሁለት የብረት ንብርብሮች መካከል ጥቂት ናኖሜትር ማግኔዥየም ኦክሳይድ ቢገባ የሁለቱ ማግኔት አቅጣጫ ሲቀያየር ሬዚስታንሱ በጣም ይለወጣል ብለው አሰሉ። በ2004 የአይቢኤሙ ስቱዋርት ፓርኪንና ጃፓናዊው ሺንጂ ዩዋሳ በየፊናቸው ለኩት፤ በክፍል ሙቀት 200 በመቶ ገደማ ለውጥ፣ ሬዚስታንሱ ሦስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ብረት ያረጀ ያፈጀ ማግኔት ነው፤ ማንንም አያስደንቅም። ልዩነቱን ግን አስተውሉ፤ እዚህ የተለካው ኤሌክትሮኖቹ ስፒናቸውን ይዘው መሻገራቸው ነው። በወረንጦ የመጣ ብናኝ ሬዚስታንስን እንዲህ አድርጎ ሦስት እጥፍ አያደርግም። ዛሬ የሃርድ ዲስክ አንባቢውም ኤምራም የሚባለው ሜሞሪም የቆሙት በዚሁ ንብርብር ላይ ነው።

ሴሚኮንዳክተሮቹን ሙልጭ አድርጌ መጣሌ አይደለም። በ2000 እነ ኦኖ ኢንዲየም አርሰናይድ ውስጥ ማንጋኒዝ ከተው ቮልቴጅ በመስጠት ብቻ ማግኔትነቱን አጥፍተው መለሱት። ቮልቴጁ ሆሎቹን ያበዛል፣ ይቀንሳል፤ ማግኔቱም አብሮ ይሄዳል። ብናኝ ይህን መስሎ መታየት አይችልም። ሙቀቱ ከ30 ኬልቪን በታች መሆኑ ለገበያ አያበቃው ይሆናል፤ ማስረጃነቱ ግን በክፍል ሙቀት ከተሳሉት ብዙ ጥምዝ መስመሮች ይበልጥብኛል።

ይህን የምጽፍላችሁ ዚንክ ኦክሳይድ ርካሽ ስለሆነ ጭምር ነው፤ በቢከርና በምድጃ ይሠራል፣ ለመመረቂያ ርዕስም ያመቻል። ወደዚያ የምትገቡ ካላችሁ ግቡ። ብቻ ናሙናውን ለማግኔቶሜትር ከመላካችሁ በፊት ምንም ያልተጨመረበት ሌላ ናሙና በዚያው ቢከር፣ በዚያው ምድጃ ሠርታችሁ አብራችሁ ላኩ፤ ወረንጦውም የፕላስቲክ ይሁን።