የራስ ቁር ልክና የፍተሻው ጉድለት
የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ2014 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የወታደር የራስ ቁር ፍተሻ ግምገማ ለጤና ባለሙያም ጠቃሚ ነው። ጥይት ያልበሳው ቁር ወደ ውስጥ ተሰርጉዶ የራስ ቅልን ሊጎዳ ይችላል። ፍተሻው የስርጉዱን ጥልቀት በሸክላ ጭቃ ላይ ለክቶ ከፊትና ከኋላ እስከ 25.4፣ ከጎንና ከአናት እስከ 16 ሚሊ ሜትር ይፈቅድ ነበር። ዘገባው ይህ ወሰን ከአንጎል ጉዳት ጋር ያለው ትስስር በሳይንስ እንዳልተረጋገጠ መግለጹ ያስመሰግነዋል። ሆኖም ትኩረቱ በፍተሻው ላይ በመሆኑ የለባሹ ልክ በቂ ስፍራ አላገኘም። ቁር ሲጠብ በራስና በቁሩ መካከል ያለው ክፍተት ያንሳል፤ ሲሰፋ ተንሸራቶ ግንባርን ወይም ማጅራትን ያጋልጣል። ስለሆነም የራስ ጉዳት ታሪክ ስንመዘግብ ቁር መደፋቱን ብቻ ሳይሆን በልክ መደፋቱንም እንጠይቅ።