ስለ ባለ ሽቦ የጆሮ ማዳመጫ አመራረጥ፤ ዋጋ ዳኛ ሊሆን ይችላልን?

ተማሪ የጆሮ ማዳመጫ ሊገዛ ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ ነው። ዋጋው ከፍ ያለ እንደ ሆነ ዕቃው መልካም ነው፤ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ የማይረባ ነው ብሎ ይፈርዳል። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንነቅፍ የተነሣነው ይህንኑ አፈራረድ ነው። ነገሩ ተራ ቢመስልም ተራ አይደለም። ተማሪው የተቀዳ ትምህርቱን፣ የውጭ ቋንቋ ልምምዱንና ሙዚቃውን የሚሰማው በዚህ ዕቃ ነው፤ ከጠባብ ኪሱ የወጣው ገንዘብ ያለ ቦታው ከዋለ ደግሞ ሌላ ለመግዛት ብዙ ወራት መጠበቅ ግድ ይሆንበታል።

ዋጋ የድምፅ ጥራት ምስክር አለመሆኑን በመለኪያ ያሳየ ጥናት አለ። ጄሩን ብሬባርት የተባለው ተመራማሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የ283 ማዳመጫዎችን የድምፅ አሰጣጥ ከመሸጫ ዋጋቸው ጋር አነጻጽሮ፣ በሁለቱ መካከል ዝምድና አለማግኘቱን አስታውቋል። ይህ ማለት ውድ የሆነው ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ የምንከፍለው ትርፍ ገንዘብ ለመልኩ፣ ለስሙ ወይም ለማስታወቂያው ሊሆን ይችላል ማለት ነው እንጂ።

በካርቶኑ ላይ የሚታተመው ቁጥርም ቢሆን ብዙ አይረዳንም። «ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ» የሚለው ጽሑፍ የሰው ጆሮ ይሰማዋል የሚባለውን ወሰን ይጠቅሳል። ነገር ግን በዚያ ወሰን ውስጥ የትኛው ድምፅ እንደሚጎላ፣ የትኛውም እንደሚደበዝዝ አይገልጽም። ተማሪው ለፈተና መቀመጡን ነግሮ ውጤቱን እንደ መደበቅ ያለ ነው። «ወፍራም ድምፅ ያለው» ተብሎ የሚመሰገነውም ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ወፍራሙን ድምፅ ከመጠን በላይ እያጎላ የዘፋኙን ቃል የሚሸፍን ነው።

እንግዲህ መለኪያው ምን ይሁን? በእኛ አስተያየት የመጀመሪያው መለኪያ የሰው ድምፅ ነው። የምናውቀውን ሰው ንግግር ስንሰማበት በበርሜል ውስጥ ሆኖ የሚናገር ከመሰለ፣ ወይም «ሰ» እና «ሸ» ጆሮን የሚወጉ ከሆነ፣ ማዳመጫው ወድቋል። ሁለተኛው ፈታኝ በገና ነው። ዐሥሩ አውታሮቹ ዝቅ ያለ ድምፅ ሲሰጡ፣ እንዚራው ደግሞ በዚያው ላይ የሚንዛዛውን ጠባይ ይጨምርበታል። ስለዚህ በአንድ ምት ወፍራሙም ቀጭኑም ድምፅ ይመረመራል። ንዝረቱ ከታፈነ ወፍራሙ በዝቷል፤ ንዝረቱ ብቻ ጎልቶ አውታሩ ከጠፋ ደግሞ ቀጭኑ በዝቷል ማለት ነው። ይህን ፈተና ለማድረግ የአለሙ አጋን የበገና ቅጂ በስልክ ይዞ ወደ ሱቅ መሄድ ይበቃል።

ሆኖም ፈተናው ትክክል የሚሆነው ማዳመጫው በጆሮ ላይ በደንብ ሲቀመጥ ነው። በተለይ ወደ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ዓይነት የጎማ ጫፉ ካልገጠመ አየር ስለሚያስወጣ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል፤ ብዙ ሰው በዕቃው ላይ የሚፈርደው በጎማው ጥፋት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ማዳመጫው ከሚሰካበት መሣሪያ ጋር መስማማቱ ይታያል። ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ በኦም ይለካል። በ1997 የወጣው የሴንሃይዘር ኤችዲ 600 ባለ 300 ኦም ነው፤ እጅግ የተመሰገነ ቢሆንም ኃይሉ አነስተኛ በሆነ ስልክ ላይ ድምፁ ሊደክም ይችላል። ከ1984 ጀምሮ የሚታወቀው ኮስ ፖርታ ፕሮ ግን 60 ኦም ብቻ ስለሆነ በተራ ስልክ በደንብ ይሠራል። ዋጋውም በአሜሪካ፣ ቀረጥና የነጋዴ ትርፍ ሳይጨመርበት፣ 50 ዶላር ገደማ ነው። ነቀፌታ የለበትም አንልም፤ ድምፁ ወደ ውጭ ስለሚወጣ ለቤተ መጻሕፍት አይስማማም። በ1991 የወጣው የሶኒ ኤምዲአር 7506 ጆሮን ስለሚሸፍን ለዚህ ይሻላል፤ ዋጋው ግን ወደ 100 ዶላር ይጠጋል፣ ቀጭኑንም ድምፅ ጎላ ያደርገዋል።

የባለ ሽቦ ማዳመጫ ደካማ ጎኑ ራሱ ሽቦው ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰውም በመሰኪያው አጠገብ ነው። በ2022 የወጣው ሙንድሮፕ ቹ በ20 ዶላር ገደማ ጥሩ ድምፅ በመስጠቱ ተመስግኖ ነበር፤ ሆኖም ሽቦው የማይነቀል ስለሆነ ሽቦው ሲበላሽ ዕቃው ሁሉ ይበላሽ ነበር። በ2023 የመጣው ሁለተኛው ቹ ግን በተመሳሳይ ዋጋ የሚነቀል ሽቦ ይዞ ወጣ። ለተማሪ ይህ ትንሽ መሻሻል ከብዙ ጌጥ ይበልጣል።

«ዘመኑ የገመድ አልባ ነው፤ ስለ ሽቦ ለምን ትደክማላችሁ?» የሚሉን ይኖራሉ። አባባላቸው ፈጽሞ መሠረት የለውም አንልም፤ አፕል በ2016 ከአይፎን 7 ላይ የማዳመጫውን ቀዳዳ ካስቀረ ወዲህ ብዙ ስልኮች ይህንኑ ተከትለዋል፤ ለነዚህም መለወጫ መግዛት ያስፈልጋል። ነገር ግን የገመድ አልባው ባትሪ በጊዜ ብዛት ይደክማል፤ ትንሿን ባትሪ መለወጥም ቀላል አይደለም። የተበጠሰን ሽቦ ግን ሬዲዮ ጠጋኝ በጥቂት ብር ይበይደዋል።

ከዚህም ጋር አስመስሎ የተሠራ ዕቃ በታወቀ ስም እንደሚሸጥ መዘንጋት አይገባም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ የታወቀ ስም በማይታመን ዋጋ ሲቀርብ ስሙን ትቶ ጆሮን ማመን ይበጃል።

በመጨረሻም በገንዘብ የማይተካው ጆሮው ራሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ40 ሰዓት የማይበልጥ በ80 ዴሲቤል ማዳመጥን ይፈቅዳል፤ ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። የአውቶቡስን ጩኸት ለማሸነፍ ድምፅ ከማጎላት ይልቅ ጆሮን በደንብ የሚዘጋ ማዳመጫ መምረጥ ይሻላል።

ስለዚህ አስተያየታችን ይህ ነው፤ በመጀመሪያ ጆሮ ይፍረድ፣ ቀጥሎ መስማማቱና መጠገኑ ይታይ፣ ዋጋ ግን የኪሳችንን ወሰን ይንገረን እንጂ የዕቃውን ጥራት ይመስክር ዘንድ አይጠራ።