የሚጠፋ ጽሕፈት፤ ስለ ጠመኔ አጭር ሐተታ

ስለ ጽሕፈት በተነጋገርን ቍጥር ብራናውንና ቀለሙን እናወድሳለን፤ ጠመኔን ግን ከተማሪ ቤት ዕቃነት አልፎ የሚመረምረው ሰው ጥቂት ነው። የንቀቱ ምክንያት ግልጽ ነው። በቀለም የተጻፈ ይቈያል፤ በጠመኔ የተጻፈ በጨርቅ ይጠፋል። እኛ ግን የጠመኔ ዋጋ በዚሁ በመጥፋቱ ነው እንላለን።

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በሉማሜ ይህን ለመረዳት ልብስ ሰፊውን መመልከት ይበቃል። ሰፊው ልክ ከወሰደ በኋላ በጨርቁ ላይ በጠመኔ ያሰምራል፤ መስመሩ ካላማረው አራግፎ እንደ ገና ያሰምራል፤ መቀሱን የሚያነሣው ከዚህ በኋላ ነው። ልብሱ ሲያልቅ መስመሩ አይታይም፤ ሥራው ግን በልብሱ ቅርጽ ውስጥ አለ። ንድፉን በጠመኔ የሚጀምር ሠዓሊም እንዲሁ ነው፤ ንድፉ በቀለሙ ሥር ተሸፍኖ ይቀራል።

ዕቃው ለአገሩ እንግዳ አይደለም። የዛሬው የሰሌዳ ጠመኔ በብዛት የሚሠራው ከጀሶ ነው፤ በዓባይ ሸለቆም ከጥቍሩ ድንጋይ በታች የኖራ ድንጋይና የጀሶ ንጣፍ ይገኛል። ጠባዩም ከአገሩ ትምህርት ጋራ ይስማማል። የጎጃም የቅኔ ተማሪ ቅኔውን በልቡ ይቈጥራል፤ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። በማግሥቱ ሌላ አዲስ ቅኔ ይጠበቅበታል። የትናንቱ ያልፋል፤ የመቀኘት ችሎታው ግን ይቀራል። ዋሸራና ዲማ ጊዮርጊስ የተከበሩት በዚህ ዓይነት ትምህርት ነው።

በብዙ ዘመናዊ ተማሪ ቤት የምናየው ግን ሌላ ነው። መምህሩ ማስታወሻውን በሰሌዳው ላይ ይገለብጣል፤ ተማሪው ከሰሌዳው ወደ ደብተሩ ይገለብጣል፤ ከዚያ ሰሌዳው ይጠረጋል። በመካከሉ ያሰበ ሰው የለም። የመጻሕፍት እጥረት ያመጣው ነው የሚል መልስ ይሰጠን ይሆናል፤ እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ የቅኔ ቤት ከዚህ ባነሰ መጽሐፍ እያስተማረ ተማሪውን ገልባጭ አላደረገውም።

አይንሽታይን በ1931 እ.ኤ.አ. በኦክስፎርድ ሲያስተምር የጻፈበት ሰሌዳ ሳይጠረግ በሙዚየም ተቀምጧል። ጎብኚ ሁሉ ያደንቀዋል፤ ነገር ግን ዛሬ ማንም ቀርቦ አንዲት ቍጥር አይለውጥበትም። ቅርስ ሆነ፤ ሰሌዳነቱ ቀረ። የእኛም ሰሌዳ ለመገልበጥ ብቻ ሲውል በየቀኑ ቢጠረግም ዕጣው ከዚህ አይለይም፤ ማንም የማይነካው ጽሕፈት ይሸከማልና።

ስለዚህ መምህሩ ሒሳቡን ከመጀመሪያው በተማሪዎቹ ፊት ይሥራው፤ ሲሰርዝም ይታይ። ተማሪውም ጠመኔውን ይያዝ፤ ይሳሳት፤ ይታረም። ከዚህ በኋላ ሰሌዳው ቢጠረግ የሚጎድል ነገር የለም።